ልጆቻችንን በዳዶ

ልጅ የለኝም፤ ስለዚህም ልጅ እንዴት እንደሚያዝ አሳምሬ አውቃለሁ። ጅማ ውስጥ ስለ ወጣቶች እንዲናገር መድረክ የሚሰጠው ወይ እንደኔ ያልወለደ ሰው ነው፣ ወይ ልጆቹን አሳድጎ ጥፋቱን ሁሉ የረሳ። ወላጆችን ለማሠልጠን የበቃሁትም በዚሁ ብቃቴ ይመስለኛል።

በሩ የተከፈተልኝ ግን በትርጉም ነው። ከምኖርበት ከአወቱ መንደራ ሰፈር ብዙ የማይርቅ አንድ የወጣቶች ማዕከል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶችን ሰብስበው የሚያወያዩና የሚያጫውቱ በጎ ፈቃደኛ ጎልማሶችን ለማሠልጠን አሰበ። ከውጭ የመጣ መመሪያ ነበራቸውና እንድተረጉመው ለመኑኝ። ሥልጠና የሚባለውን ነገር ለዓመታት በጽሑፍ ስዘልፍ ኖሬያለሁ፤ አገሩ ሁሉ ሠልጥኖ ማንም እንዳልተለወጠ፣ ከሥልጠና የሚተርፈው ባዶ የውኃ ፕላስቲክና የግድግዳ ቀለም የላጠ ፕላስተር ብቻ እንደሆነ ጽፌያለሁ። መመሪያውን የተቀበልኩትም ጥሩ መዘባበቻ አገኛለሁ ብዬ ነው። እንዳሰብኩት አልሆነም። መጽሐፉ ደረቅ ይሁን እንጂ አብዛኛው ነገሩ ትክክል ነበር፤ ለተቺ ሰው ከዚህ የከፋ ዕጣ የለም። ተርጉሜ ሳስረክብ የማዕከሉ ኃላፊ፣ «እንግዲህ የተረጎመው ያሠልጥነው» አለኝ። እምቢ የምልበት ጨዋ ምክንያት አጣሁ።

ሥልጠናው የተካሄደው ክረምቱ ሊወጣ ሲል በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ስለ ማዳመጥ ለማስተማር የተመረጠ ቤት ማለት ይህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አበል እንደሌለ ሲነገር ግን ለሻይ የወጣው ሕዝብ ከሻይ አልተመለሰም። የቀሩት ወይ የምር ፈቃደኞች ነበሩ፣ ወይ ማስታወቂያውን ያልሰሙ።

ከቀሩት መካከል ይህ ታሪክ የሁለቱ ነው። አንደኛው ከሰቃ የመጡ የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ስድሳን ያለፉ፣ ከጺማቸው ዱቄት የማይጠፋ ሰው። መካ ሳይሄዱ ሁሉም «ሐጂ» ይላቸዋል። «ነጭ ያለበሰኝ ዱቄት ነው» ይላሉ እሳቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ከሞተር ድምፅ በላይ ሲናገሩ ስለኖሩ፣ እንደምን አደራችሁ ሲሉ እንኳ ሰው ይደነግጣል። ሁለተኛዋ ሰርቦ ገበያ ላይ ሳልባጅ የምትሸጥ ሴት ናት። ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥታ እዚያው የቀረች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች፣ በአንድ ትንፋሽ አማርኛና ኦሮምኛ የምታቀላቅል ቀልደኛ።

መጀመሪያ እያንዳንዱ ለምን እንደመጣ እንዲናገር ጠየቅሁ። ብዙዎቹ «ለአገር»፣ «ለትውልድ» እያሉ አለፉ። ተራው ሐጂ ዘንድ ሲደርስ ተነሡ።

«ልጄ ናት ያመጣችኝ» አሉ። «ወንዶቹ አግብተው ወጥተዋል፤ የቀረችኝ እሷ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ፈተናው አልመጣላትም። ከዚያ ወዲህ ‹አባ› ትለኛለች፤ ከ‹አባ› ቀጥሎ ምንም የለም። እንዴት እንደሚያናግሯት ልማር ነው የመጣሁት።»

ይህን ሁሉ የተናገሩት በጩኸት ስለነበር አዳራሹ ሳቀ። የሳልባጇ ነጋዴ ከኋላ ሆና፣ «ሐጂ፣ እንዲህ ከጠሯትማ እስካሁን ሰምታለች» አለች። እሳቸውም ሳቁ። ሆኖም ነገሩ ለማንም አልተሰወረም። ሰውዬው የመጡት ለትውልድ አልነበረም፤ የአንዲት ልጅ አፍ እንዲከፈትላቸው ነው።

ሴትዮዋም በተራዋ፣ «የኔው ወንዱ ከባጃጅ ሾፌሮች ጋር ነው የሚውለው» አለች። «ቤቴን ማደሪያ አድርጎታል። ማውራቱንስ አልተወም፤ መስማቱን ነው የተወው።»

መመሪያው ውስጥ አንድ ልምምድ አለ። ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ የሚያስጨንቀውን ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ሰሚው አይመክርም፣ አይወቅስም፣ አያጽናናም። ሐጂንና የሳልባጇን ነጋዴ አጣመርኳቸው። ስለ ልጇ መናገር ጀመረችና ትንፋሽ ልትወስድ ቆም ስትል ሐጂ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«አላህ ልብ ይስጠው፤ አላህ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።»

«ሐጂ፣ መምከር አይቻልም ብለናል» አልኩ።

«አልመከርኩም፤ መረቅኩ።»

«ምርቃትም አይቻልም።»

ሐጂ የዘረጉትን እጅ አላወረዱም። «ምርቃትም?» አሉ።

«ለጊዜው ነው። ተናግራ ስትጨርስ ይቻላል።»

«መምህር፣ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ» አሉ፤ «ስለ ማዳበሪያም፣ ስለ ወባም። ዱዓ የሚከለክል ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

በእኛ አካባቢ የትኛውም ስብሰባ በምርቃት ነው የሚከፈተው። ሽማግሌው ይመርቃል፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ነገር የሚጀመረው። እኔ ደግሞ ነገር የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሽማግሌው ቤቱ ሰላም ነው፣ ልጆቹ የተባረኩ ናቸው ብሎ ሁሉም አሚን ካለ በኋላ፣ የትኛው ልጅ ነው ተነሥቶ «እኔ ግን ሰላም አይደለሁም» የሚለው? ይህንኑ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ብዙዎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐጂ ግን ለሻይ ቀድመው ወጡ።

ከሻይ ስንመለስ ከኮታቸው ኪስ አንድ ኮረሪማ አወጡ። በጥፍራቸው ፈለፈሉና አንዷን ፍሬ ጉንጫቸው ውስጥ ወሸቁ። «የዚች ጣዕም ሳያልቅ አልናገርም» አሉ። ሴትዮዋ ስለ ልጇ እንደገና ጀመረች። ሐጂ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ መንገጭላቸው ተወጥሮ፣ እርግማን እንደሚሰማ ሰው ተቀምጠው ሰሙ። እሷ ጨርሳ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ፍሬዋን መዳፋቸው ላይ ተፉ፤ ከዚያ የተጠራቀመውን ምርቃት ሁሉ በአንድ ጊዜ አወረዱት። ዝናቡም ቆርቆሮውም አልበለጣቸውም። በዚያን ያህል ፍጥነት ሲማር ያየሁት ሰው የለም። ሥልጠና አይሠራም ብዬ ለጻፍኩት ሁሉ ትንሽ አፈርኩ።

መጨረሻው ቀን ምደባ ነበር። መመሪያው ወላጅ የገዛ ልጁ ያለበትን ቡድን እንዳይመራ ይከለክላል፤ ልጁ አባቱ ፊት አይናገርም፣ ጓደኞቹም አይናገሩም። ይህን «የወለደ አይምራ» ብዬ ተርጉሜው ነበር። በአተረጓጎሜ ኮርቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሐጂ እንዳልገባቸው ሰው አዩኝ።

«እኔ እኮ የመጣሁት ለሷ ነው» አሉ። «የሰቃው ቡድን ውስጥ ተመዝግባለች። ራሴ ነኝ ያስመዘገብኳት።»

ምን እንደምመልስ ሳስብ ከኋላ የሳልባጇ ነጋዴ ተነሣች።

«ማሎ፣ እባክዎ ሐጂ፣ ዳዶ እንግባ» አለች።

ዳዶ ምን እንደሆነ ለጅማ ሰው አይነገርም። ለሌላው ግን፦ ዛሬ የኔን ማሳ አብረን እናርማለን፣ ነገ ያንተን። እንደ ደቦ በጠላና በድግስ የሚጠራ አይደለም፤ በቀን የሚመለስ የጉልበት ውሰት ነው። ሠርተውለት ቀኑን ያልመለሰ ሰው መንደሩ እስከ ልጅ ልጁ ያስታውሰዋል።

«እርስዎ ሰርቦ መጥተው የኔን ይያዙልኝ» አለች። «እኔ ሰቃ ሄጄ የእርስዎን እይዛለሁ። ያው እርሻ ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ከውጭ የመጣ ደንብ በእኛ ሴት አፍ የአገር ልብስ ሲለብስ ማየት ለኔ ቢጤ ጸሐፊ ቅቤ ነው። ለሰው ሁሉ አወራሁት። ልጅን እንደ ማሳ ለሰው መስጠት ይቻላል ወይ ብዬ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም። ነገር ሁሉ ላይ ጥያቄ የማነሣ ሰው፣ እጄ በጭብጨባ ተይዞ ነበር።

አንድ ደንብ ይቀር ነበር። ልጆቹ ቡድን ውስጥ የሚናገሩት ከቡድኑ አይወጣም፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀር። ሁሉም ቃል ገባ፤ ሙስሊሙ በወላሂ፣ ክርስቲያኑ በማተቡ።

«ደህና መሆኗንስ መጠየቅ ይቻላል?» አሉ ሐጂ።

«ይቻላል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ተቀመጡ።

ሰቃና ሰርቦ ከጅማ ግራና ቀኝ ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ወደ ሰርቦ፣ ሴትዮዋ ወደ ሰቃ ለመሄድ ጅማ መናኸሪያ ላይ ይተላለፋሉ፤ ከሰዓትም ሲመለሱ እንዲሁ። የሚቆሙበት አንድ የሻይ ቤት ደጅ ነበራቸው። እኔም ቅዳሜ ሌላ ሥራ ስለሌለኝ እዚያ መገኘት ለመድኩ።

«የኔዋስ?» ይላሉ ሐጂ፤ መናኸሪያው ሁሉ ይሰማል።

«ደህና ናት። የኔውስ?»

«ደህና ነው። አፉ ትንሽ ይበዛል።»

«እሱንስ አልነገሩኝም። ስለኔ ያወራል?»

«ያወራል።»

«ምን ይላል?»

«እንዴ፣ ተከልክሏል እኮ» ይሉና እንደ ልጅ ይስቃሉ።

ሁለቱንም ቡድኖች ሄጄ አየሁ። ሰርቦ ውስጥ አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው ነበር። ወንዶቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ሐጂ ኮረሪማቸውን ይፈለፍላሉ፣ ክፍሉም ጸጥ ይላል። ልጆቹ ሆን ብለው ያስረዝማሉ፤ የፍሬዋ ጣዕም ቀድሞ ያልቅ እንደሆነ ለማየት። አንዱ ስለ አባቱ መጠጥ አወራ፣ አንዱ ስለ ሥራ ማጣት። ሐጂ ፍሬዋን ተፍተው አንዲት ጥያቄ ሲጮሁ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ግን ይመልሳሉ። የሳልባጇ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ክፍሉን ይጠርግ ነበር። እናቱ ይህን ብትሰማ አታምንም።

ሰቃ ደግሞ ሴትዮዋ ቁልፍ የጎደላቸውን ሸሚዞች በማዳበሪያ ጆንያ ይዛ ትመጣለች። ሴቶቹ ልጆች ቁልፍ እየተከሉ ያወራሉ። «እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል» አለችኝ። የሐጂ ልጅ መስኮት አጠገብ ነበረች፤ ረጅም፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች። በሩን ስከፍት እየተናገረች ነበር። ስታየኝ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ድል ቆጠርኩት፤ ዝም የሚለው ሲናገር የነበረ ሰው ነውና። አንድ አባት ለሴት ልጁ አፍ ብሎ መጣ፣ አፏም ተከፈተ። የተከፈተው ለማን እንደሆነ አላሰብኩበትም።

ኅዳር ላይ ቡናው ቀልቶ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ለቀማ ገባ፤ ቡድኖቹም ሳሱ። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን፣ ሳምንቱ መካከል፣ የሳልባጇ ነጋዴ ሱቋን ዘግታ ቤቴ መጣች። ገበያ ቀን ሱቅ ዘጋች ማለት ሰው ሞቷል ማለት ነው።

«መምህር፣ አንድ ነገር ንገረኝ» አለች ሳትቀመጥ። «አንዲት ልጅ ዓረብ አገር ልትሄድ ብታስብ፣ ይሄ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው ወይስ ሥራ ነው?»

የየትኛዋ ልጅ ጉዳይ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ሃያ ልትሞላ ነው። ፓስፖርት አውጥታለች። የአጎቷ ልጅ እዚያ አለች፤ እሷ ናት የምትወስዳት።»

«ቤተሰቧስ?»

«እናቷ ሳታውቅ አትቀርም። እሳቸው ግን አያውቁም። እስከ ረመዳን እንኳ ቆዪ ብዬ ለምኛታለሁ። ምን አለችኝ መሰለህ? ‹አባ ሰርቦ ሄዶ የሌላ ሰው ልጆችን ዝም ብሎ ያዳምጣል አሉ። እስኪ እኔም ዘንድ መጥቶ ዝም ይበል።› የኔው ልጅ ነው የነገራት፤ በቴሌግራም ይጻጻፋሉ።»

ለረጅም ጊዜ አሰብኩ፤ ወይም ያሰብኩ መሰለኝ። ያደረግኩት መመሪያውን በአእምሮዬ ማገላበጥ ነበር።

«ለአካለ መጠን የደረሰች ሰው ናት» አልኩ። «በሕጋዊ መንገድ ከሆነ የራሷ ጉዳይ ነው። ራሷ እንድትነግራቸው ገፋፊያት። አንቺ ከነገርሻቸው ግን ሌሎቹ ልጆች ዳግመኛ አፋቸውን አይከፍቱም።»

«እና ዝም ልበል?»

«ዝም በይ።»

ጣቷ ላይ የተጠመጠመ ክር ነበር። ፈትታ ጣለችው። «አንተ ልጅ የለህም አይደል?» አለች። ለመስደብ አልነበረም፤ እንደ አድራሻ ነው የጠየቀችኝ። መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

መልሴ ትክክል ነበር። ዛሬ ያው ጥያቄ ቢመጣ ሌላ መልስ እንደማይኖረኝ እፈራለሁ። ያን ቀን ብትናገር ኖሮ ልጅቷ የምታምናት አንዲት ሰው ትጠፋባት ነበር፤ የሰቃ ሴቶች ልጆችም መርፌያቸውን አስቀምጠው ወደየቤታቸው ይመለሱ ነበር። ትክክለኛ መልስ ማንንም አይጎዳም ያለው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። እኔ አላልኩም፤ ብቻ እንደዚያ እንደማምን ሆኜ ኖሬያለሁ።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐጂ ከሰርቦ ሚኒባስ ወረዱ። የሳልባጇ ልጅ ቤት እስክትመለስ ሳይጠብቅ ለእናቱ የላከውን ሸንኮራ ተሸክመው ነበር፤ ፊታቸው በርቷል። ሴትዮዋ ከሰቃ ቀድማ ደርሳ ከኔ ጋር ቆማለች። ለኔ ገና ምንም አልነገረችኝም፤ ሻይዋን ግን አልቀመሰችም።

«የኔዋስ?» አሉ ሐጂ።

«ዛሬ አልመጣችም።»

ሸንኮራውን ከትከሻቸው አወረዱ። ስልካቸውን አውጥተው ቤታቸው ደወሉ። «የት ሄደች?» ሲሉ ሻይ ቤቱ ሁሉ ዞረ። ከወዲያ ማዶ ሚስታቸው ብዙ ተናገረች። እሳቸው ጠዋት ወደ ሰርቦ እንደወጡ ልጅቷ ከአክስቷ ጋር ወደ አዲስ አበባ ተሳፍራለች፤ በረራዋም ቅርብ ነው። የልጅቷን ስልክ ሞከሩ። ዝግ ነበር።

ስልኩን ኪሳቸው ከተው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ?»

«ከጥቅምት ጀምሮ።»

«እኔም አውቅ ነበር» አልኩ ሳልጠየቅ። ወደኔ አላዩም።

«እህቴ» አሉ፤ «ዳዶ ገብተሽ ማሳዬን አረምሽልኝ። ጥሩ አድርገሽ ነው ያረምሽው፤ አልወቅስሽም። ግን በዳዶ አራሚው ሰብሉን ይዞ አይሄድም። ሰብሉ የባለማሳው ነው።»

 መመሪያው ስብሰባ እንዴት እንደሚዘጋ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበረው፤ ይህ ግን አልነበረበትም። ዛሬውኑ አዲስ አበባ ተሳፍረው እንዲደርሱባት፣ እኔም አብሬያቸው እንደምሄድ ነገርኳቸው።

«ሄጄ ምን ላደርግ?» አሉ። «ልጮህባት? ስጮህ እኮ ነው የሄደችው።»

ሸንኮራውን ለሴትዮዋ አስረክበው ወደ ሰቃ ሚኒባስ ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መናኸሪያ የሄድኩት ማንንም እንደማላገኝ እርግጠኛ ሆኜ ነው። ሐጂ የሰርቦው ሰልፍ ላይ ቆመው ነበር።

«ሐጂ፣ ማንም አያስገድድዎትም» አልኳቸው።

«ዳዶ ነው» አሉ። «እሷ ቀኗን ሠርታለች። የኔ ቀን ይቀራል።»

ሴትዮዋም ጆንያዋን ይዛ ወደ ሰቃ ሄደች፤ የሌሎች ሰዎች ሴቶች ልጆች አሁንም ይጠብቋት ነበር። ሲተላለፉ እሷ «የኔውስ?» አለች፣ እሳቸው «ደህና ነው» አሉ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ የሚቀድመው የእሳቸው ጥያቄ ነበር። አሁን ቦታው ባዶ ሆነ፤ ሁለቱም በዚያ ባዶ ዙሪያ ጨዋ ሆነው አለፉ።

ልጅቷ ደኅና ደረሰች። የምትሠራበት ቤት ሰዎች ዓርብ ዓርብ ስልኳን ይሰጧታል፤ ትደውላለች። ሐጂ ስልኩን ይይዙና፣ ትሰግጃለሽ ወይ፣ ትበያለሽ ወይ፣ ይሞቃል ወይ፣ አላህ ይጠብቅሽ፣ እያሉ ባሕሩን በጉሮሯቸው ለመሻገር የፈለጉ ይመስል ይጮሃሉ። እሷ «አዎ አባ»፣ «አይ አባ» ትላለች፤ ያልቃል። ለሳልባጇ ነጋዴ ግን ረጃጅም የድምፅ መልእክት ትልካለች። ሐጂ ይህን ያውቃሉ። ምን እንደምትል ጠይቀው አያውቁም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ቤቴ መጡ። እስከዚያ ቀን አንቱ ይሉኝ ነበር።

«ያን ልምምድ አሠራኝ» አሉ። «የዝምታውን። አንተ እሷን ሁን፤ ነገ ትደውላለች።»

በረንዳው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ኮረሪማቸውን አወጡ፣ ፈለፈሉ፣ አንዷን ፍሬ ጉንጫቸው ውስጥ ወሸቁ፣ ጉልበታቸውን ያዙ። እኔም «አባ» አልኩ። ዕድሜዬን በሙሉ በሰው ስም ስናገር የኖርኩ ሰው፣ ከ«አባ» ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ጠፋኝ። ሥራው ደህና ነው አልኩ። ይሞቃል አልኩ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም አልኩ። ሐጂ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይሰሙኛል፤ እንደዚያ ሰምቶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ የምለው ግን አልነበረኝም። ያኔ ያቺ የተደበቀችው አረፍተ ነገር መጣች።

«አባ፣ ሰርቦ ሄደህ የሌላ ሰው ልጆችን ዝም ብለህ ታዳምጣለህ አሉ። እስኪ እኔም ዘንድ መጥተህ ዝም በል።»

ደንቡን የሰበርኩት በዚያች ቅጽበት ነው፤ መስበሩ ማንንም በማይጠቅምበት ሰዓት። መንገጭላቸው ቆመ። ፍሬዋ ጣዕሟ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ረጅም ነበር። ከዚያ አውጥተው በመሐረብ ጠቀለሏት።

«ይሄን ያልከው አንተ ነህ ወይስ እሷ?»

«እሷ ናት።»

«መቼ?»

«ሳትሄድ በፊት።»

ተነሥተው ወጡ። ያለምርቃት ከኔ ተለይተው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን አልመረቁም።

ዓርብ የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ቅዳሜ መናኸሪያ። ልጅቷ ስትደውል ወፍጮውን አስቁመዋል። ፍሬዋን ጉንጫቸው ውስጥ አድርገው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። «አባ» አለች። ዝም አሉ። «አባ? ትሰማኛለህ?» ዝም አሉ፤ እንድትቀጥል እየጠበቁ። «ሃሎ? ሃሎ?» አለችና ዘጋች። እንደገና ደወለች፤ እንደገና ዝም አሉ። ወዲያው ለሳልባጇ ነጋዴ መልእክት ደረሳት፤ የሰቃ ኔትወርክ ተበላሽቷልና ለአባ ደህና ናት በይልኝ የሚል።

«መምህር» አሉኝ፣ «መጽሐፍህ ስለ ስልክ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«ጠርጥሬ ነበር።»

ከወፍጮ ቤቱ የሚመጡ ሰዎች እንደሚሉት፣ አሁን ዓርብ ዓርብ ያን ሰዓት ሞተሩ ይቆማል፤ እህል ያመጡ ሴቶች በሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከውስጥ የሚሰማው የሐጂ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቃል። «አለሁ» ይላሉ። ከዚያ ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ ደግሞ «አለሁ»። ኔትወርኩ አለመጥፋቱን እንድታውቅ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ስልክና ያለ አውሮፕላን ሊሆን ይችል የነበረ ነገር ነው፤ ሐጂ የወለደ አይምራ ተብለው ሰርቦ ባይላኩ ኖሮ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰልፉ ላይ አገኘኋቸውና፣ ምን ትልዎታለች ብዬ ጠየቅኋቸው። ለማወቅ እንጂ ለጨዋታ አልነበረም።

ሚኒባሱ በሩን ከፈተ። አንድ እግራቸውን አስገብተው ወደኔ ዞሩ።

«ደህና ናት» አሉኝ፤ ወደ ሰርቦ ሄዱ።